ላሟ ከመሸጧ በፊት



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ስለምናገኛት፣ ደም ይፈስሳት ስለ ነበረች ሴት ብዙ ስብከት ሰምተናል። ስለ እምነቷ፣ የጌታን ልብስ ስለ መንካቷ፣ ወዲያው ስለ መፈወሷ ተሰብኮልናል። ወንጌላዊው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የመዘገበልን አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አልፈነው እንሄዳለን። ይህች ሴት 12 ዓመት ከባለ መድኃኒት ወደ ባለ መድኃኒት ስትንከራተት ያላትን ገንዘብ ሁሉ ጨርሳ ነበር። ወደ ጌታ የመጣችው ታማ ብቻ ሳይሆን ደህይታም ነው። መንፈስ ቅዱስ የሕክምና ወጪን ጉዳይ በወንጌል ውስጥ እንዲጻፍ ካደረገ፣ እኛም በጉባኤያችንና በጓዳችን ልናወራው አናፍርም።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ባሉ አጥቢያዎቻችን ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ እንዲህ ያለች እህት አለች። ሕመሟ ካንሰር ነው። ጉባኤው ስለ ሕመሟ ይጸልያል፤ በቤቷ ምን ምን እንደ ተሸጠ ግን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

እስቲ እንዲህ ያለ ቤት እናስብ። ባል መምህር ነው። ሚስት የጓሮ እንሰቷን እየተንከባከበች፣ ቅቤ አጠራቅማ እየሸጠች ቤቷን የምታቆም ብርቱ ሴት ናት። አራት ልጆች አሏቸው። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ በጡቷ ላይ ጠጣር ነገር በእጇ ይሰማታል። አያማትም። ዝም ትላለች። ዝም ያለችው ባለማወቅ ነው እንል ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጠንቅቃ ስለምታውቅ ነው። ጎረቤቷ በታመመች ጊዜ መጀመሪያ በጉ፣ ቀጥሎ ወይፈኑ፣ ከዚያ ላሟ፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ፣ በመጨረሻም መሬቱ በኮንትራት ሲሄድ አይታለች። ሴትዮዋ አልተረፈችም፤ ልጆቹም ትምህርታቸውን አቋረጡ። ስለዚህ በልቧ «እኔ ብሞት እንኳ ላሚቱ ለልጆቼ ትቅር» ትላለች።

ይህ የእናት ፍቅር ነው፤ ማንም አይነቅፋትም። ሒሳቡ ግን አይሠራም። የጡት ካንሰር ገና ትንሽ እያለ ከተገኘ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው፤ ሕክምናውም ይቀልላል። ወደ ብብትና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ግን ሕክምናው ይረዝማል፣ ወጪው ያይላል፣ ተስፋውም ይቀንሳል። በአገራችን ደግሞ አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሕክምና የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ላሟን ለማትረፍ የተዘጋው አፍ ላሟንም እናቲቱንም ያሳጣል ማለት ነው።

የማኅፀን በር ካንሰርማ ከመነሻው ሊያዝ የሚችል ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች በጤና ጣቢያና በሆስፒታል በአሴቲክ አሲድ፣ በቀላል አነጋገር እንደ ኮምጣጤ ባለ ፈሳሽ የሚደረግ የቅድመ ካንሰር ምርመራ አላቸው። ደቂቃዎች ይፈጃል። አጠራጣሪ ነገር ከታየ ካንሰር ሳይሆን ሊታከም ይችላል። ለሴት ልጆችም የኤች ፒ ቪ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ጀምሯል፤ ያኔ የተጀመረው በ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጥቷል። ወላጆች ሆይ፣ ስለዚህ ክትባት በየሠፈሩ የሚወራውን ወሬ ሰምታችሁ ልጃችሁን አታስቀሩ። «ይህን መርፌ የተወጋች ልጅ ትመክናለች» የሚለው ሐሰት ነው። ባሎችም ሚስቶቻችሁን ወደ ምርመራው ራሳችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። የማኅፀን ነገር የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ በር ላይ መቆም ለአማኝ ባል አይገባም።

ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንመለስ። ካንሰር ቤትን የሚያራቁተው በአንድ ትልቅ ክፍያ ነው ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን የሚያራቁተው ምልልሱ ነው። በአንድ የተለመደ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ እንቁጠረው። ኬሞቴራፒው በየ21 ቀኑ እየተሰጠ 8 ዙር ሊሆን ይችላል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 460፣ በ8 ዙር ወደ 3,700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሕመምተኛዋ ብቻዋን ስለማትሄድ ትራንስፖርቱን በሁለት አባዙት። በእያንዳንዱ ዙር ፊት የደም ምርመራ አለ፤ ነጭ የደም ሴሏ ካነሰ «ከሳምንት በኋላ ተመለሺ» ትባላለች። አሁን ወይ ወደ አገር ቤት መመለስ ነው፣ ወይ ለሳምንት አልጋ መከራየት ነው። ሐኪሙ ሲቲ ስካን ሲያዝና የመንግሥቱ ማሽን ሲበላሽ ወይም ወረፋው ሲረዝም ወደ ግል መሄድ ይመጣል። ጨረር ከታዘዘ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ሳምንት በየቀኑ መገኘት ያስፈልጋል። አስታማሚው ባል ከሆነ ደመወዙ ይነካል፤ ትልቋ ልጅ ከሆነች ትምህርቷ ይቀራል። እነዚህ በደረሰኝ የማይጻፉ ወጪዎች ናቸው።

ጨረሩን ካነሣን ማወቅ ያለብን ነገር አለ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው ኢትዮጵያ እርሱ ብቻ ነበር። ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ለወራት የቆየው፣ በመጠበቅ ላይ ሳለም በሽታው የገፋበት ለዚህ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማ የጨረር ሕክምና ጀምሯል፤ ሀዋሳም የካንሰር ማዕከል አለ። ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍላችሁ «አዲስ አበባ» ተብሎ ከመጻፉ በፊት «ለዚህ ሕመም ሀዋሳ ምን ይሰጣል? ወረፋው የትኛው ጋ ያጥራል?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ከሐላባ መስመር ላለ ሰው ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ብር ያድናል።

ዋጋው ለምን በየጊዜው ይጨምራል? የካንሰር መድኃኒት ከሞላ ጎደል ከውጭ የሚገባ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመምህሩ ደመወዝና የሚስቱ ቅቤ ግን በዶላር አይመነዘሩም። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋና «ከውጭ ግዙ» ሲባል ጉዳቱ ይብሳል። ቢሆንም ከግል ፋርማሲ ከመግዛታችሁ በፊት የመንግሥቱን ደጋግማችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያን ጨምሮ ለስድስት የአፍሪካ አገሮች አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በቅናሽ እንዲቀርቡ ከአምራቾች ጋር ስምምነት ተደርጎ ነበር። በቅናሽ የገባ መድኃኒት የሚገኘው በመንግሥት በኩል እንጂ ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ አይደለም።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆይ፣ የውጤቱ ወረቀት በእጃችሁ በገባበት ማታ ምን ታደርጋላችሁ? ጸልዩ፤ አልቅሱም። ከዚያ ግን አንድ ደብተር አውጡና አብራችሁ ተቀመጡ። ጌታ በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ተናግሯል። ያ ቃል ስለ ደቀ መዝሙርነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ተቀምጦ መቁጠር የእምነት ማነስ አለመሆኑን ግን በዚያው ያሳየናል። በደብተሩ ላይ ያላችሁን ጻፉ። ጥሪቱን፣ እቁቡን፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድም ሊረዳ የሚችለውን፣ ብድር ካለም ብድሩን ሳትደባበቁ ጻፉ። (ስለ ደቡብ አፍሪካው ወንድም አንድ ነገር ልበል። እዚህ ያለን ሰዎች የእርሱ ሱቅ የማይደርቅ ምንጭ ይመስለናል። በአንድ ሌሊት ተዘርፎ ባዶውን ሊያድር እንደሚችል አንርሳ። «ላክ» ከማለት በፊት «እንዴት ነህ?» እንበለው።)

ደብተሩ ያስፈለገበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በብዙ ቤት ባል ሚስቱን እንዳያስጨንቅ ብሎ በድብቅ ይበደራል፤ አራጣም ቢሆን ይወስዳል። ሚስት ደግሞ ባሏ እንዳይከብደው ሕመሟን ታሳንሳለች፤ «ዛሬ ደኅና ነኝ፣ የዚህ ወሩ ይቅር» ትላለች። ሁለቱም የሚዋሹት ስለ መዋደድ ነው። በመካከሉ አንድ ዙር ይዘለላል፤ የተዘለለ ዙር ደግሞ በፊት የተከፈለበትን ያዳክማል። ከዚህ ይልቅ ባል «እህቴ፣ ላሟን ብንሸጥ ሦስት ዙር ያደርሰናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም» ቢላት ይሻላል። እርሷም የምትፈራውን ትናገር። ምናልባት የምትፈራው ሞትን ሳይሆን የልጆቹን ትምህርት መቋረጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቅ የሚሸጥ ባል ለእርሷ ብሎ የማትፈልገውን ያደርጋል።

ከመሸጥ በፊት የሚጠየቁ በሮችም አሉ። የመጀመሪያው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእነዚያ አንዷ የእኛው የከምባታዋ ደምቦያ ነበረች፤ ነገሩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። መድኑ የሚሠራው ግን በቅደም ተከተል ለሄደ ሰው ነው። ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ፣ ሪፈር ይዞ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ሆሳዕና ወዳለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ላይ ይኬዳል። «ጊዜ እንዳይባክን» ብሎ በቀጥታ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሙሉ ሽፋኑን ያጣል። ወረዳችሁ ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር ውል እንዳለው ከመነሣታችሁ በፊት ከመድን ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። የመክፈል አቅም የሌለው ደግሞ በቀበሌው በኩል ተለይቶ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ዓመታዊ እድሳቱ ያለፈበት መታወቂያ ግን ማንንም አያሳክምም።

አዲስ አበባ ለሚደርሱት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ። ይህን ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅመ ደካማ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል፤ በመድኃኒትና በትራንስፖርትም ይረዳል። ለታመሙ ሕፃናትና ለወላጆቻቸው ደግሞ ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ድርጅት ማረፊያ አለው። ቦታቸው ውስን ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። አንድ ባልና ሚስት ኀዘናቸውን ለሌላው ማረፊያ ካደረጉ፣ በአዲስ አበባ ያሉ የሀዲያና የከምባታ ተወላጅ ቅዱሳን አንድ ትርፍ ፍራሽ ማዘጋጀት ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም።

ይህን ካልኩ ለሽማግሎችና ለዲያቆናትም አንድ ቃል አለኝ። ልማዳችን እህት ታመመች ሲባል በአንድ እሑድ መባ ሰብስቦ መስጠት ነው። መልካም ነው፤ ያ ገንዘብ ግን አንድ ወይም ሁለት ዙር ያደርስና ያልቃል፤ ጉባኤውም «ሰጥተናል» ብሎ ይረሳል። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ያለው ሳምራዊ ከዚህ አልፎ ሄዷል። ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ሒሳቡን ሳይዘጋ ነው የሄደው። 8 ዙር ላለባት እህት ከጉባኤው ስምንት የጸሎት ቡድኖች አንዳንዱ አንድ ዙር ቢይዝ፣ አንድ ዲያቆን ቀኖቹን በካላንደር ቢያሰምር፣ አንዲት እህት አስታማሚዋን ልጅ ተክታ ብትሄድና ልጅቷ ፈተናዋን ብትቀመጥ ብዙ ነገር ይቃለላል። ዕድሮቻችንም እንዲሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ንፍሮና ገንዘብ ይዘን እንደርሳለን። ሟቹ በሕይወት ሳለ መድኃኒት አጥሮት ነበር። የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከፍቶ «ለታመመ አባል» የሚል አንቀጽ ማስገባት የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው።

ደግሞ አደራ፣ ሕመምተኛዋ ሳትፈቅድ የሕመሟን ዓይነት በመድረክ አታስነግሩ። ሰው ገንዘብ ስለ ተለገሰው ገመናው የሕዝብ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ። ጌታ ይፈውሳል፤ እኔም አምናለሁ፤ እናንተም ታምናላችሁ። ነገር ግን በጸሎት መካከል «ተፈውሰሻል፣ መድኃኒቱን ጣዪ» የተባሉ እህቶች ዙሩን በግማሽ አቋርጠው፣ ከወራት በኋላ ብሶባቸው ተመልሰዋል። የተሸጠው ላም ከንቱ ቀረ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ንጉሡ ሕዝቅያስ እንደሚፈወስና 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ዘንድ ከተነገረው በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል። ተስፋውና መድኃኒቱ አልተጣሉም። ጌታ የፈወሳትን እህት ምርመራው አይክዳትም፤ ሐኪሟ አይቶ «በቃሽ» እስኪላት ዙሯን ትጨርስ። እንዲህ ያለ ትንቢት የሚናገር ወንድም ካለ ሽማግሎች በፍቅር ያርሙት። በካርቶን ታሽጎ ካንሰርን ያጠፋል እየተባለ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሸጠውንም ዱቄትና ጭማቂ ከግቢ አስወጡት።

ሌላ ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰው ሐኪሙን መጠየቅ ይፈራል። «ዶክተር፣ ይህ ሕክምና ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ?» መልሱ «ለማዳን» ከሆነ ላሟ ትሸጥ፤ ላም በላም ይተካል። መልሱ «ለማስታገስ» ከሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። መሬቱን በኮንትራት ሰጥቶ፣ ሌላ ዙር ገዝቶ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በአውቶቡስና በአዲስ አበባ አልጋ ላይ ማሳለፍ ይሻላል? ወይስ ሕመሟ ታግሦላት በቤቷ፣ በልጆቿ መካከል መሆን? ይህን የሚወስነው አማች ወይም አጎት አይደለም። እርሷ ናት። ለእርሷ ግን ምን እንደ ታመመች እንኳ አልነገርናትም! ዘመዶች ተማክረው ከባለቤቷ የሚሰውሩት ነገር ብዙ ነው። ቤቷን፣ ልጆቿን፣ ጌታዋን የምትሰናበትበት ጊዜ የእርሷ ነው፤ ልንነጥቃት አይገባም።

ማስታገስ ማለት መተው አይደለም። የካንሰርን ሕመም የሚያስታግስ የሚዋጥ ሞርፊን አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው ትንሽ ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው። አንዳንድ አማኞች ሞርፊንን እንደ ሱስ ስለሚያዩ እናታቸው ስትጮኽ እያደረች ይከለክሏታል። በሕመም የምትቃትት ሴት በሐኪም በተለካ መጠን ስትወስደው ኃጢአት አይደለም፤ እንቅልፍ ነው የምታገኘው።

በመጨረሻ ለቅሶው ያልፋል። ድንኳኑ ይነሣል፤ ብድሩ ግን ይቀራል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ወደ ኤልሳዕ የጮኸችው መበለት ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሆኖም ባለ ዕዳው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ነቢዩ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ አላሰናበታትም፤ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ዘይቱም ሲበዛ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል አዘዛት። ሽማግሎች ሆይ፣ ከቀብሩ በኋላ አንድ ወር ሲሞላ ወደዚያ ቤት ተመለሱ። ደብተሩን አስከፍቱ። ማን ስንት እንዳበደረ፣ አራጣ መኖሩን፣ መሬቱ ለስንት ዓመት በኮንትራት እንደ ሄደ እዩ። አበዳሪው ከጉባኤው አባላት አንዱ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ እንዲህ ከሆነ ሥራችሁ ይቀልላል። የኮንትራቱን ገንዘብ አሟልታችሁ ስጡና መሬቱ ከሚቀጥለው እርሻ በፊት ለልጆቹ ይመለስ።